የእህቴ ድምፅ በሰው ሚሞሪ ላይ

ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በባጃጅ እየወጣሁ ነበር። ሹፌሩ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ ዘፈን ከፍቷል። አንዱ ዘፈን አለቀና ሌላው ይጀምራል ስል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ አንዲት ሴት «መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ» አለች።

ታላቅ እህቴ ናት። ሬዲዮ ላይ ቀርባ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሲደነግጥ ሞኝ ይሆናል። ስሟን ተናገረች፣ ሰፈሯን ተናገረች፣ ከዚያ ስለ ባሏ ጀመረች።

«እለፈው» አልኩት።

«ቆይ፣ ጥሩው ገና ነው» አለኝ፣ በመስታወቱ እያየኝ።

ጥሩው የተባለውን ሰማሁ። እኔ፣ የእናቷ ልጅ፣ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

የእህቴ ባል አባያ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለው፣ ዓሣ ያስይዛል። እንደሚመታት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በር ቆልፎ ሌላ የሚያደርገውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ጥላው ከወጣች በኋላ የሴቶችን አቤቱታ የሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ አቤት አለች። እዚያ የነበረችው ባለሙያ የሰሜን ልጅ ናት፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። እህቴ ሲከፋት ግማሹን በጋሞኛ ነው የምታወራው፣ በዚያ ላይ ትፈጥናለች። ባለሙያዋ ልትጽፍላት ሞክራ አቃታት። ስለዚህ ልቅዳሽና በኋላ የሚተረጉም ሰው እፈልጋለሁ አለቻት። እህቴ ማን እንደሚሰማው ጠየቀች። «እኔና ዳኛው» ተባለች። በዚህ ተስማምታ ተናገረች።

ዳኛው ግን አልሰማውም። ባለሙያዋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ ጉዳዩም ተኛ። እህቴ አቤቱታውንም ትታ ወደ ኩልፎ ወንዝ በኩል አንድ ክፍል ተከራየች። ሲቀላ ጁስ ቤት ገብታ ከጓዳ ማንጎ ትልጣለች፣ ትፈጫለች። ሰውነቷ መለስ ብሎ ነበር። እኔ ከእሷ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚያ ሰውዬ እንዳትመለስ።

ሹፌሩን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «ከዘፈን ጋር የተጫነ ነው» አለና መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ሱቅ ነገረኝ። እኔ አስረኛ ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፣ ሥራም የለኝም፤ ለመሮጥ ጊዜ ነበረኝ። ወርጄ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ያኔ ሰው ሁሉ ዘፈን የሚያስጭነው ሱቅ ሄዶ ነው። የስልኩን ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ይሰጥና «ሙላልኝ» ይላል። ምን እንደሚሞላ የሚመርጥ ጥቂት ነው፤ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብቻ ነው የሚፈለገው።

«ውሃ ስጡኝ የምትለው ከየት መጣች?» አልኩት ሱቁን የሚጠብቀውን ልጅ።

«እሷማ ታዋቂ ናት።»

«እህቴ ናት።»

ጆሮው ላይ የነበረውን ማዳመጫ አወረደ። እህቴ አቤት ካለችበት መሥሪያ ቤት፣ በጨረታ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ኮምፒውተር መግዛቱን ነገረኝ። አይነሳም ተብሎ ነው የተሸጠው። ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል ብቻ ቀየረ፣ ተነሳ። ውስጡ ያገኘውን ድምፅ በሙሉ ሳይሰማ «ልዩ ልዩ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ጨመረው። ሙላልኝ ለሚል ሰው ከዚያ ነው የሚሞላለት።

ሌሎች ሴቶችም ነበሩበት። ሰው የወደደው ግን የእህቴን ነው። እህቴ ጨዋታ ታውቃለች፤ እያለቀሰች እንኳ ባሏን አስመስላ ስታወራ ታስቃለች።

እያየሁት ከኮምፒውተሩ አጠፋው። «ይኸው» አለኝ።

«የወሰዱትስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህት? በብሉቱዝ ይቀባበሉታል። በገበያ ቀን ከጨንቻ የሚወርደውም እዚህ ነው የሚያስጭነው።»

መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሽማግሌ ናቸው፣ አማርኛቸው ያማረ። አስቀመጡኝ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ዕቃው በሥርዓት ነው የተወገደው» አሉኝ። «ኮሚቴ አይቶታል። አንድ እግር የጎደለው ወንበር እንኳ የመንግሥት ቁጥሩን ፍቀን ነው ያስወጣነው።»

«ውስጡስ?»

«የምኑ ውስጥ?»

«የኮምፒውተሩ።»

«አይሠራም ነበር እኮ። የማይሠራ ዕቃ ውስጥ ምን ይኖራል?»

አልዋሹኝም። የምራቸውን ነበር። የፈሩት ቁጥሩ አብሮ እንዳይወጣ ነው፤ በቀይ ቀለም የተጻፈውን በቢላ ፍቀውታል፣ የሴቶቹን ድምፅ በጨረታ ሸጠውታል። ተሳድቤ ወጣሁ። ጥሩ ስድብ ነበር፣ ምንም አልጠቀመም።

ጁስ ቤት ስደርስ እህቴ ጓዳ የለችም። የጁስ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ከፊት አቁማታለች። ወንዶቹ ገብተው ይቀመጣሉ፣ «መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ» ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ። እህቴ መጀመሪያ ላይ ሳይገባት ውሃ ታመጣላቸው ነበር አሉ። ከዚያ የአከራይዋ ልጅ የተቀዳውን አሰማቻት።

«ጓዳ መልሻት» አልኳት ሴትዮዋን።

«ምን አደረግኳት? ገበያው እኮ ደርቷል» አለችኝ፣ ብርጭቆ እያጠበች።

እህቴን እጇን ይዤ አወጣኋት። መንገድ ላይ ሶዶ እንሂድ አልኳት፣ የሚያውቀን የለም፣ ሁለታችንም ሥራ እንፈልጋለን።

«ሶዶ ሚሞሪ የለም?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልሄደችም። ገበያ እኔ ነበርኩ የምወጣላት። ዘመዶቻችን አንድ በአንድ መጥተው ጠየቋት፣ ሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው ተቀምጠው ሄዱ። ከመካከላቸው የሰማ ማን እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታወቃል። አንዱም ግን ባሏን አላነሳም።

አንድ ጠዋት ክፍሏ ስሄድ ዕቃዋን ስታስር አገኘኋት።

«የት ነው?»

«ቤቴ።»

«እሱ ጋ?»

ገመዱን አጥብቃ ቋጠረች። «ደውሎልኝ ነበር። ሰማሁት አለኝ። አንድ ውሸት የለበትም አለኝ።»

«ታዲያ ይህን ብሎ ይቅርታ ጠየቀሽ?»

«አልጠየቀም። እንዲህ ያለኝ ግን እስካሁን እሱ ብቻ ነው። ሌላው ይስቃል፣ ወይ ያዝናል። እሱ ነገሩን ከስልክ አይደለም የሚያውቀው፤ ሲያየኝ ስለ እኔ አዲስ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ይገድልሻል።»

«እዚህስ?» አለች።

  ከዚያ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዢልኝ አለችኝ። አውጥተን ጋሪ ላይ ጫንነው።

አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ሸኘኋት። ባሏ ቀድሞን ደርሶ ቆሟል። ፍራሹን ከጋሪው አውርዶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሰላም አለኝ፣ አልመለስኩለትም። ወደ ሐይቁ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ከፊት ሆኖ ሄደ፣ እሷም ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከኋላው ተከተለችው።