መሪጌታ ሲኒማ ከአጭሩ ጀመረ

ወልደ ዮሐንስን በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። ለቀረው የጎንደር ሰው «መሪጌታ ሲኒማ» ነው። መሪጌታስ አልሆነም፤ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ወንጌሉን ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው የፒያሳ ሲኒማ ቤት፣ ከሸራው ጎን ዘንግ ይዞ ይቆምና የፈረንጁን ፊልም ለሕዝቡ በአማርኛ ይተርክ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ጣሊያንኛውም ከገበያ የተለቀመ ነው። ቢሆንም ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ማንን እንደሚገድል ይናገራል፤ ሕዝቡም ያምነዋል። ከደሞዙ ይልቅ የሚወደው ይህን መታመኑን ነበር።

አንድ ቀን ከአስመራ የመጣ ማኪና ሦስት ሣጥን ፊልም አራገፈ። የሲኒማ ቤቱ ተከራይ ሐጂ ዐብዱረሕማን የፈረስና የተኩስ ፊልም ሲጠብቁ የመጣላቸው ሌላ ነው። ሦስቱም የአንድ ፈረንጅ ሥራ ናቸው። ሾፌሩ ኸሊል እንደሰማው ከሆነ፣ ሰውዬው ከማንም ኩባንያ ጋር አይሠራም፤ ካሜራውን ራሱ ተሸክሞ፣ ጎረቤቶቹን እያቆመ ነው የሚያነሣው።

«ከየቱ እንጀምር መሪጌታ?» አሉ ሐጂ።

ወልደ ዮሐንስ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያነሣ መዘናቸው። ንባብ ቤት ተማሪ የሚጀምረው በዮሐንስ መልእክት ነው፤ አጭር ናት። ዳዊት የሚመጣው ኋላ ነው።

«ከአጭሩ ነው። ሕዝቡ በአጭሩ አፉን ይፍታ፤ ረጅሙ ኋላ አይከብደውም።»

«አይተኸው ነው?»

«በእጄ መዝኜዋለሁ እኮ።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ማሽኑ አለ፣ ሸራው አለ፣ ቀኑ ገና ነው። ቁጭ ብሎ ማየት ማንን ገደለ? ግን ሁሉን ያውቃል የተባለ ሰው ልይ ማለት ያሳፍረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሸራው ላይ በረዶ የሞላው ሜዳ፣ መካከሉ ላይ ቤት የሌለው በር፣ በሩ ፊት የተቀመጠች ሴት። ዘፈን የለ፣ ንግግር የለ።

«ይህች ሴት ባሏ ዘምቶባት ትጠብቃለች» አለ ወልደ ዮሐንስ በዘንጉ እያመለከተ።

አንድ ሰው መጣ። «ይኸው ባሏ!» ሰውዬው ሴትዮዋን ሳያያት ተቀምጦ ድንች ላጠ፤ ልጦም ሄደ።

«ወንድሟ ነው» አለ ወልደ ዮሐንስ።

«አሁን ባሏ ነው አላልክም?» አለች ከፊት ወንበር አረቄ ሻጯ እንኳየሁ።

ሴትዮዋ በረዶው ላይ ተጋደመች፤ ዐይኗን ከደነች። እዚህ ላይ ድምፁን አለሳለሰ፤ «ሞተች። ነፍስ ይማር።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወዲያው ሟች ተነሣችና የቀረውን ድንች ትልጥ ጀመር።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

«አያ መሪጌታ» አለች እንኳየሁ፣ «ምነው ሬሳው ድንች አማረው? እኛ ለቅሶ ደርሰን ነበር እኮ።»

ወልደ ዮሐንስ ላብ አጠመቀው። የቸገረው ጊዜ የሚሸሸው «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ ወደሚፈቱበት ወደ ትርጓሜ ቤት ነው። «አንድም» አለ፣ «አልሞተችም፣ ተኝታ ነው። አንድም ሞታለች፤ የምናየው ሰውዬው የሚያስበውን ነው። አንድም...»

ሦስተኛው አልመጣለትም። በሩ ተከፈተ፤ ከበሩ ወዲያም ያው በረዶ ነው።

«አንድም ምን?» አሉት ከኋላ።

«አላወቅሁም።»

ያን ሁሉ ዓመት ያልሆነ ነገር እየፈጠረ ሲነግራቸው አጨበጨቡለት። አንዲት እውነት ቢናገር አፏጩበት። «አንተ ካላወቅህ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» እያሉ እየተንጋጉ ወጡ። ከፍቶት የሄደ ሰው ግን አልነበረም፤ ያችን ሴት እየተጨቃጨቁባት እስከ ቀሐ ወንዝ ድረስ ወርደዋል።

ሐጂ ቤቱ ባዶ ሲሆን መጡ። «ነገ ውጣና ይህን የሠራው እብድ ነው በላቸው። ይስቃሉ፣ ያልቃል። አንተም ዘንግህን ይዘህ ትቀጥላለህ።»

«እብድ ለማለት መጀመሪያ ያለውን ልወቀው እንጂ። የቀሩትን ሁለቱን ልያቸውና...»

«ሕዝቡ ሸሽቶኝ ሳለ ሁለቱን?»

«እንግዲያው ያንኑ አጭሩን ይድገሙልኝ።»

«ለማን?»

ለማን እንደሆነ እሱም አልለየውም። ለሕዝቡ ነው እንዳይል ሕዝቡ የለም፤ ለእኔ ነው እንዳይል አፈረ። ብቻ እብድ ነው የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለች።

እሑድ ዘንጉን ትኬት ቆራጩ ፋንታሁን ያዘው። ወጥቶ «የሠራው እብድ ነው» አለ፤ ሳቁ። ወዲያው የተኩስ ፊልም ተጀመረ።

ሰኞ ወልደ ዮሐንስ ሣጥኖቹን ማኪናው ላይ ጫነ። ረጅሙን አቅፎ ትንሽ ቆመ። ከዚህ ቢጀምርስ ኖሮ? ይህም ያው ቢሆንስ? ከመካከለኛው ነበር እንዴ መጀመር የነበረበት?

«ሸጋ ነው ፊልሙ?» አለው ኸሊል ገመዱን እያጠበቀ።

«እንጃ።»

«ያየኸው አንተ አይደለህ?»

«አይቼዋለሁ» አለ ወልደ ዮሐንስ ሣጥኑን እያቀበለው። «ኸሊል፣ አስመራ ላይ ያየ ሰው ካገኘህ እስኪ ጠይቅልኝ። ሴትዮዋ ምነው ተነሣች?»