ለሻደይ የተዋስኩት ልብስ

ትናንት ሰቆጣ ገበያ ሸማኔው አዲስ ጋቢ ሲዘረጋ፣ የጥጡ ሽታ ጎረቤታችን የነበሩትን መነኩሲት፣ እማሆይን፣ አመጣብኝ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የነሐሴው የልጃገረዶች በዓል፣ ሻደይ፣ ሲደርስ ነጠላዬ ተቀዶ ነበር። እማሆይ ራሳቸው ፈትለው ያሸመኑትን ነጭ ልብስ ከሳጥን አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እናቴ ደነገጠች።

«እማሆይ፣ ይሄ እኮ ለቀብርዎ ያስቀመጡት መገነዣ ነው።»

«አፈር ምን ለበስሽ ብሎ አይጠይቅም፤ የዚች ጓደኞች ግን ይጠይቃሉ» ብለው ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ኪራዩን አልተውም። ደጄ መጥተሽ ትጨፍሪልኛለሽ» አሉኝ።

«እሺ እማሆይ፣ መጀመሪያ እርስዎ ጋ ነው የምንመጣው።»

በማግስቱ የሻደዩን ሣር ወገባችን ላይ አስረን እየዘፈንን ደጃቸው አጠገብ ስንደርስ፣ አንዷ ጓደኛዬ «መነኩሲት ምን ትሰጠናለች? ባለሱቁ ቤት እንሂድ» አለች። ዞር ስል እማሆይ ቆሎ በሰፌድ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ ግን ወደ ባለሱቁ ቤት ያቀናው ከበሮ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

ልብሱን አጥቤ ስመልስ «ጨፈርሽበት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ ጭፈራ ያየ ልብስ ለብሼ ነው የምሄደው» አሉና አጣጥፈው አስቀመጡት። ስለ ቃሌ አላነሱብኝም። እኔም ይቅርታ የምልበት ቀን ሞልቶ የተረፈኝ መስሎኝ ወደ ጨዋታዬ ሮጥኩ፤ ጥቅምት ላይ በዚያው ልብስ ተገነዙ።