የሰይድ መንጋጋ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መጠጥና ስለ ሐሜት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ሚስቴም አታውቅም። የሰይድን መንጋጋ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያን ጠዋት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ጋሼ ደምሴ ሰበሩት ይላል። ውሸት ነው። እኔ ነኝ።

ጋሼ ደምሴ የፎቶ ቤታችን ባለቤት ነበሩ። አስፋልቱ ዳር ሆነን ሰርግ እንቀርጻለን፣ ኮምፒውተርም እንጠግናለን። ሰይድ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ጥገናው የኔ ነው። ሥራውን ያስያዘኝም እሱ ነው። የቀወት ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት።

ጋሼ ደምሴ ሄኖክ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ እዚያው በጥይት ሞተ። ከሄኖክ የቀረው አንዱ ዴስክቶፕ ውስጥ ነበር፤ የሰርጉ ቪዲዮ፣ ሳቁ፣ ድምፁ። ጋሼ ደምሴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ገርበብ አድርገው ያዩት ነበር። "ይቺን ማሽን ለቪዲዮ ካልሆነ እንዳትነኩብኝ" ብለውናል። ሌላ ቦታ እንድገለብጥላቸውም ለምነውኝ ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ለአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ የምጭንበት ፍላሽ አዘጋጀሁ። ምንም ሳይጠይቅ የቆየውን ሁሉ ደምስሶ በራሱ የሚጭን ነው። መሥራቱን ለማየት የሰካሁት ያቺው የተከለከለችው ማሽን ላይ ነው። ለምን? ቅርቤ ስለነበረች፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ከየት እንደሚነሳ የሚታዘዝበት ቦታ አለ። ለአንድ ጊዜ ብቻ መምረጥ ይቻላል። እኔ ግን ቋሚውን ቅደም ተከተል ቀየርኩት፤ ፍላሹን አንደኛ፣ ሀርድ ዲስኩን ሁለተኛ አደረግሁ። ከፍላሹ መነሳት ሲጀምር አየሁና አጠፋሁት። ወዲያው ደንበኛ ጠራኝ፤ ወጣሁ። ፍላሹን አልነቀልኩም። ቅደም ተከተሉን አልመለስኩም። ረሳሁት። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንተን አንባቢዬን አላደክምህም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰይድ ቀድሞኝ ገባ። ማሽኑን አበራና፣ ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ መስሎት ቁርስ ሊበላ ወጣ። ማሽኑ ፍላሹን አነበበ፣ ደመሰሰ፣ ጫነ። አጥፍቶ ሲነሳም አንደኛው ያው ፍላሹ ነውና እንደገና ደመሰሰ። እኔ ስደርስ ሰይድ ከቁርስ ተመልሷል፤ ጋሼ ደምሴ ስክሪኑ ፊት ቆመው ሰይድን አንገቱ ሥር ይዘውታል።

"ሄኖክስ? ሄኖክ የታለ?"

"ወላሂ ጋሼ፣ ማብራት ብቻ ነው ያበራሁት!"

የካሜራውን የብረት መቆሚያ አነሱ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግንባሩን ተረተረው። ሰይድ ወደቀ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። እሳቸው አላቆሙም። "ልጄን ደገማችሁት! ሁለቴ ገደላችሁት!" እያሉ ጎኑን፣ ወገቡን፣ የተከላከለበትን ክንዱን ቀጠቀጡት። በእያንዳንዱ ምት ያለቅሱ ነበር።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የሆነው ነገር ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለኔ ነው። "እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ቆሜ ስንት ምት እንዳሳለፍኩ አላውቅም።

ሰይድ መሬት ላይ ሆኖ ጮኸ፦ "ፍላሽ አለ ጋሼ! ስወድቅ አየሁት፤ ከኋላው ፍላሽ ተሰክቶ—"

አላስጨረስኩትም። ሮጬ ገብቼ በጫማዬ አፉን መታሁት። ሳላስበው ነው ብዬ አልዋሽህም። አስቤበታለሁ፤ ዝም እንዲል ፈልጌ ነው የመታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ የማሽላ አገዳ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ከዚያ ዞር ብዬ ጋሼ ደምሴን ከወገባቸው አቀፍኳቸውና "ይበቃል ጋሼ! ይገድሉታል!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት የደረሰው ያኔ ነው። ያዩት ገላጋይ ነው።

ሰይድን በባጃጅ ጭነው ወደ ሐኪም ሲሮጡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ወለሉ ላይ ደሙ፣ ደሙ ውስጥ አንድ ጥርሱ አለ። ተሻግሬው ፍላሹን ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ሀርድ ዲስኩን ወደ አንደኛ መለስኩ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ "ሰይድ ሳያውቅ ደምስሶት ይሆናል" አልኩ። ሰይድ ቆይቶ ስለ ፍላሹ ቢያወራም፣ ያየው ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ደምሴ ታሰሩ። ሽማግሌ ገባ፤ ሰይድም ስለ አላህ ብሎ ይቅር አላቸው፤ ተፈቱ። የትኛውን የት እንደመቱ ራሳቸውም አያውቁም ነበር። "አፉን እንዴት መታሁት?" እያሉ ሲጠይቁ ሰምቻቸዋለሁ። ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ የልጃቸውን ድምፅ ዳግም ሳይሰሙ፣ ያልሰበሩትን መንጋጋ ተሸክመው። ሬሳ ሳጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ካራቆሬ ሄጄ ሰይድን አየሁት። ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ሲናገር ምራቁን በመሐረብ ይጠርጋል። ሹልክ ልል ስል ጠራኝ። አቀፈኝ። ትልቋን ልጁን ከጓዳ ጠራት።

"ነይ ሳሚው" አላት፣ ቃሉ እየተኮላተፈበት። "አባትሽን ከሞት ያወጣው እሱ ነው። ዓይኔን ደም ጋርዶኝ እንኳ ድምፁን ለይቼዋለሁ። ይገድሉታል ብሎ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።"

ልጅቷ ጉንጬን ሳመችኝ።

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? ማን ያዘኝ? ጋሼ ደምሴ የሉም፣ ፎቶ ቤቱም ተዘግቷል፣ የሚያስፈራኝ አንድም ሰው አልነበረም። "ኧረ ምን አደረግሁ ብለህ ነው፣ ወንድሜ" አልኩት። ማንጎ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ቤቴ ወስጄ ከልጆቼ ጋር በላሁት።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ለአንድ ምት የሚሆን ድፍረት ነበረኝ። ይቅር በለኝም አልልህም። ይቅር ማለት የሰይድ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወደው ያልተፈጠረ ሰው ነው። ልንገረው ብል ያንን ሰው እገድልበታለሁ እያልኩ ራሴን የማታልልበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን አውቀዋለሁ፤ የምጠብቀው እሱን አይደለም፣ ራሴን ነው።

ከሸዋ ሮቢት ካራቆሬ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ሞልቷል። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።