ካላብረቀረቀ አልጸዳም

«ጋሽ መስታወት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የሚነዱት አውቶቡስ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም አውቶቡስ አቧራ የጠገበ ነበር። ዳሽቦርዱ ግን ጢም ያስላጫል። ምስጢሩ የኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አንዲት ትንሽ የምግብ ዘይት ጠርሙስና ቁራጭ ጨርቅ። ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ዳሽቦርዱን ዘይት ያጠጡታል። «ካላብረቀረቀ አልጸዳም» ይላሉ። የተከራከራቸው ሰው አልነበረም፤ ደግሞስ ከሾፌር ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ?

አሁን ሾፌር አይደሉም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ወጥራ ይዛቸው፣ አውቶቡሱን ከመናኸሪያው በር ምሰሶ ጋር አላተሙት። ሰው አልተጎዳም፤ ምሰሶውም ብዙ አልተቀየመም። ድርጅቱ ግን «ዓይንዎ ደክሟል፣ ይረፉ» ብሎ ቁልፉን ተቀበላቸው። የዓይን ሐኪሙ ምንም አልሆኑም ብሎ ነበር። ድርጅቱ ከሐኪሙ ይልቅ ምሰሶውን አመነ። ይሄስ ይሁን፤ ጋሽ መስታወትን ያንገበገባቸው ልጃቸውም ምሰሶውን ማመኗ ነው።

ልጃቸው ላቫጆ አላት። መኪና ከውጭ የሚያጥበው ብዙ ነው፤ እሷ የምትታወቀው በውስጡ ነው። ወንበር ላይ የተደፋ ሾርባ፣ የበር እጀታ ላይ የቀረ የመካኒክ ጥቁር የጣት አሻራ፣ ራስ መደገፊያው ላይ የተኛ የፀጉር ቅባት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ቅባት አይታሽም ትላለች፤ ካሹት ይሰፋል። መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ ጫን አድርጋ ታስጠጣዋለች፣ ቀጥላ የሳሙና ውሃ የነካ ለስላሳ ብሩሽ ይዛ ከዳር ወደ መሃል ትሰበስበዋለች፣ በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ስትጨርስ የሚታይ ነገር የለም። ጋሽ መስታወትን የሚያበሳጫቸውም ይሄው ነው። ምንም የማይታይ ነገር ምኑ ጽዳት ነው?

በየቀኑ «ላግዝሽ» ብለው ይመጣሉ። እሷም ጥላው ሥር ወንበር አዘጋጅታላቸዋለች፤ እዚያ ተቀምጠው እንዲያግዙ። እሳቸው የሚፈልጉት ግን መሪ ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ልጄ፣ ይቺን መኪና እስከ በሩ ላውጣልሽ?»

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው፣ አባዬ። አንተ አረፍ በል።»

አረፍ ይላሉ። እሷ ጀርባዋን ስታዞር ግን ጠርሙሷ ከኪስ ትወጣለች፤ የደንበኛው ዳሽቦርድም ዘይት ይጠጣል። ደንበኛው ዳሽቦርዱን አይቶ «ይሄን ማን ሠራው?» ሲል፣ ልጃቸው የመኪና ሰው መሆናቸው ትዝ ብሏት ቁልፍ ትሰጠኛለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ደንበኞቹም አዩ። አይተው እየተመለሱ «መስታወቱ ብዥ ይላል» እያሉ መነጫነጭ ጀመሩ። እሷ ጥፋቱ የሳሙናው መስሏት ሳሙና ቀየረች፤ ብሩሽ ቀየረች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የአገር ቅባት ስታስለቅቅ እየዋለች የአባቷን የኮት ኪስ እድፍ ማስለቀቅ አቅቷት ነበር። «ኪስህን ምን ነካው?» ስትላቸው «የበር ማጠፊያ ዘይት ነው» ይላሉ፤ ያውም ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

በመጨረሻ የመንጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ መጣ። መኪኖቹን ሁሉ የሚያመጣው ወደ እሷ ነው፤ እሱ ከሄደ ላቫጆው ተዘጋ ማለት ነው።

«እህቴ፣ ተማሪዬ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣባት ምንም አልታይ ብሏት መሃል መንገድ ላይ ጮኸች። የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ዛሬም እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

እሱ ውጭ ሊጠብቅ ወጣ፤ እሷ ደነገጠች። ዳሽቦርዱን እንደ አዲስ አጽድታ፣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ ዳሽቦርዱ ያብረቀርቃል። አባቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ መኪና የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ሰው፣ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ጣቷን ብታሳርፍበት ሙልጭ አለ። ከዚያ ኪሳቸውን አየች።

ደሟ ፈላ። አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ያ ምሰሶ ትዝ አላትና ዘጋችው። ያኔም ከሰዓት በኋላ ነበር። ያኔም ፀሐይ ፊት ለፊት ነበረች።

«አባዬ፣ ና እስኪ። እስከ በሩ አንተ አውጣት» ብላ ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

ጋሽ መስታወት የጉልበት ሕመም እንዳለባቸው ረስተው ከወንበራቸው ተነሡ። ወንበሩን አስተካከሉ፣ የጎን መስታወቶቹን አዩ፣ መሪውን ዳበሱት። እሷ አጠገባቸው ሆና የእጅ ፍሬኑን ያዘች። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናዋ ወደ በሩ ዞረች። ፀሐይም በበሩ በኩል ገባች።

በሩ ጠፋ። የላቫጆው በር ምሰሶም ጠፋ። ከፊታቸው ነጭ አንሶላ የተሰቀለ መሰላቸው። ፍሬን ረገጡ።

«ድርጅቱ ልክ ነበር» አሉ ቁልፉን ነቅለው። «ዓይን የለኝም። እንኪ ቁልፍሽን።»

ልጃቸው ቁልፉን አልተቀበለችም። ደረቅ ጨርቅ አውጥታ መሪው ፊት ያለውን ዳሽቦርድ ጫን፣ ጫን አደረገች። ብሩሹን አስከተለች፣ ከዳር ወደ መሃል። በእርጥቡ ጠረገችና «አሁን እይ» አለቻቸው።

ምሰሶው ተመለሰ፤ ከነተላጠ ቀለሙ። እሷ ባልነካችው በኩል ግን የዘይቱ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ እንደ አንሶላ እንደተሰቀለ ነው። ጋሽ መስታወት ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ መልሰው ግራውን አዩ። እጃቸው ሳያስቡት ኪሳቸው ላይ አረፈ።

«ስንት ዘመን ፀሐይን ስረግም ኖርኩ!» አሉ። ጥላ ሥር የተቀመጡበት ቀን ሁሉ ታያቸው።

«እኔም ሐኪሙን ትቼ ምሰሶ አመንኩ» አለች ልጃቸው።

ጠርሙሷን አውጥተው አቀበሏት። «በይ፣ ይቺ እውነትም ለበር ማጠፊያ ትሁን።»

የቀረውን እሷ አጸዳች። አስተማሪው ከውጭ ሆኖ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሚያወጧት?» ቢላቸው «እስከ በሩ» አሉት በኩራት። ምሰሶውን ሳይነኩ አልፈው መንገዱ ዳር አቆሙ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ ሰገግ አድርገው፣ ሽቅብ ወደ ፀሐይ አዩና «አፉ በይኝ» አሉ።

ልጃቸው ለእሷ መስሏት «አፉ ብያለሁ» አለቻቸው። ቁልፉን ግን አልጠየቀቻቸውም።