የተቃጠለው የደሴቷ ፊልም

ዋይስ ሐርጌሳ ተወልዶ ድሬዳዋ አጎቱ ዘንድ ያደገ ፎቶ አንሺ ነበር። ሐርጌሳ ተመልሶ ፎቶ ቤት ሲከፍት ሰው የሚመጣው ለጉርድ ፎቶና ለሠርግ ነው፤ የእሱ ልብ ግን ያለው ተራራና ባሕር ማንሣቱ ላይ ነበር። ሚስቱ ሲራድ፣ እሷም የድሬ ልጅ፣ «ተራራ መጥቶ ፎቶውን ሲወስድ አላየሁም» እያለች ታሾፍበታለች።

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከዘይላ በጀልባ ተሳፍሮ ሰው ወደማይኖርባት አንዲት ደሴት ተሻገረ። እዚያ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ የጥንት መስጊድ ፍርስራሽና መቃብሮች አሉ። ጀልባውን የሚቀዝፉት ሽማግሌ፣ ኢጋል፣ መቃብሮቹን የሚጠርጉም እሳቸው ነበሩ።

«ባሕሩ በየዓመቱ ከግድግዳው ይወስዳል» አሉት። «ሳያልቅ አንሣው ልጄ። ለልጆቻችን በአፍ ብንነግራቸው አያምኑንም።»

ዋይስ ብርሃኑ እስኪለሰልስ እየጠበቀ የመስጊዱን ሚሕራብ፣ ማለትም የጸሎት አቅጣጫ የሚያሳየውን የግድግዳ ጎድጓዳ፣ የመቃብር ጽሕፈቱን፣ ውሃው የሚልሰውን ግድግዳ አነሣ።

ፊልሙን ይዞ በተመለሰ ሰሞን በሶማሊያ መንግሥትና በአማፅያን መካከል የነበረው ጦርነት ሐርጌሳ ገባ። አማፅያኑ ከተማዋን ሲይዙ የመንግሥት መድፍ ይደበድባት ጀመር። አንድ ጠዋት ተኩሱ ጋብ ሲል ዋይስ «የማጠቢያው መድኃኒት ሳይበላሽብኝ ፊልሙን ልጠበው» ብሎ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ጨለማ ክፍል ገባ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

ፊልሙን ገና በዳበሳ ሲፈታ ሲራድ በሩን ደበደበች።

«ዋይስ! ውጣ! አውሮፕላን!»

«አውሮፕላኑ የራሳችን መንግሥት ነው፤ ከዚሁ ከአጠገባችን ነው የተነሣው። በእኛ ላይ ምን ያደርጋል? ቆይ፣ ብርሃን ከገባ ፊልሙ ይቃጠላል!»

ሲራድ በሩን በእግሯ ገነጠለችው። ብርሃኑ ፊልሙ ላይ ፈሰሰ። ዋይስ ሊጮህባት አፉን ሲከፍት ሸሚዙን ጨምድዳ በጓሮ በኩል ጎተተችው። ከአጥሩ ሥር ካለው ደረቅ ቦይ ውስጥ እንደወደቁ መሬቱ ከሥራቸው ተነሥቶ ተመለሰ።

ቀና ሲል ጆሮው አይሰማም። ፎቶ ቤቱ በነበረበት ቦታ ሰማይ ይታያል። ጎረቤታቸው ሹክሪ ማለዳ በአጥሩ ላይ ሻይ አቀብላቸው ነበር፤ አሁን ሹክሪም፣ ቤቷም፣ አጥሩም የሉም። አውሮፕላኑ ዞሮ ከከተማዋ ዳር ወዳለው ማረፊያ ሲወርድ አየ። ዋይስ ተርፈን ይሆናል ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ያው አውሮፕላን ተነሣ፤ አፍንጫውንም ወደ እነሱ አዞረ።

«ሲራድ... ቦምብ ሊጭን ነው የሄደው» አለ። «ጭኖ ተመለሰ። እዚሁ፣ ከራሳችን ሜዳ!»

ፊቱ የሰው ፊት አልመስል አላት። በጥፊ መታችው፤ ከድንጋጤዋ ብዛት ሶማልኛው ጠፍቷት በአማርኛ «ሩጥ!» አለች።

በእግር ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲጓዙ ዋይስ አንድ እጁን እንደጨበጠ ነበር። የስደተኞች መጠለያ ሲደርሱ ሲራድ ጡጫውን ፈልቅቃ ስትከፍት ፊልሙ ውስጡ ነበር፤ ተጨማዶ፣ ከላቡ ጋር ተጣብቆ። መዳፉን በውሃ አጠበችለት። ያኔ ነው «ሹክሪን ጠራኋት እንዴ? ሳልጠራት ነው የመጣነው?» ብሎ ያለቀሰው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሐርጌሳ ተመለሱ። ካሜራ ተውሶ ወደ ደሴቷም ሄደ፤ ኢጋል በሕይወት ነበሩ፤ ሚሕራቡን ግን ባሕሩ ወስዶታል። የቀረውን ግድግዳ አነሣ። ፊልሙን ያጠበችለት ሲራድ ናት፤ ፊልሙ ታጥቦ እስኪያልቅ እሱ ደጅ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።