ከሩት ስም ቀጥሎ

የማሽን ዘይትና የሳሙና ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ ያለሁበትን እረሳና ወደ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወደነበረችው ቆርቆሮ ቤታችን እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት እንኳ መኪና የሚጠግነው ጎረቤቴ እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ደርቄ ቀርቼ፣ «እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» ብሎ አስደነገጠኝ። ምን ልበለው? አባቴን ፈልጌ ነዋ!

አባባ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በፊት፣ አዳማ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ ግራርና ከዚያም የበዛ አቧራ በነበረችበት ጊዜ፣ በየማለዳው ረጅሙን የብሎን መፍቻ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ የላላውን እያጠበቁ፣ ሐዲዱን ተከትለው ወደ ሞጆ አቅጣጫ ይሄዱና ዓይናቸው ቀልቶ ይመለሱ ነበር። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበው፣ ጥፍራቸውን በስንጥር አጽድተው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቆዳ ማኅደር በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያወጡ ነበር። ያን ሁሉ ታጥበውም ሽታው አይለቃቸውም፤ እናቴ «ቅዱሱንም መጽሐፍ ባቡር ባቡር እንዲሸት አደረጉት እኮ!» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

እኔ የአብራካቸው ልጅ አይደለሁም። የወለደችኝ እናት በመቂ በኩል ባለች መንደር እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞታ፣ የወለደኝ አባት በጉዲፈቻ ሰጥቶኝ፣ በሦስት ዓመቴ በበቅሎ ተጭኜ አዳማ ገባሁ። አሳዳጊ እናቴ ኦሮሞ ናት፤ በእነሱ ዘንድ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ፣ ልጅ ነው፣ አለቀ። «ኢንተላ ኮ» ትለኝ ነበር፣ «ልጄ» ማለቷ ነው፣ በቀን መቶ ጊዜ። አባባ ግን ከቡልጋ የመጡ ደገኛ ናቸው፤ ወደድኩሽ ማለት አያውቁበትም። እኔም ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ ከራሴ እየፈጠርኩ እሠቃይ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ ክረምቱ እንደገባ፣ አባባ «ዓይኔን አቧራው እየበላው ነው፤ ኋላ አንቺ ታነቢልኛለሽ» ብለው ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር። «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው?» ላላቸው ጎረቤት «ሰው ልትሆን ነው» ብለው አፉን አስያዙት። ክረምቱ ሳይወጣ ማንበብ ቻልኩ። መቻሌ ግን ጣጣ አመጣብኝ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መጽሐፉን አውርጄ የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ብገልጥ፣ በአባባ እጅ የተጻፉ ሦስት ስሞች አየሁ፤ ከየስሙ ጎን «ልጄ» ይላል። ሦስቱንም ሰምቻቸው አላውቅም። ከሥራቸው ቦታ ሞልቷል፣ እኔ ግን የለሁበትም። በቃ፣ አባባ ቡልጋ እውነተኛ ልጆች አሏቸው፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ አንድ ቀን ወደመጣሁበት እመለሳለሁ አልኩ። ለማንም ሳልናገር ያዝኩት፤ በደጃችን የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ግን ሮጬ ከበሩ ጀርባ እደበቅ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አባባ ሁልጊዜ ከማቴዎስ ወንጌል ይጀምሩ ነበር፤ መጀመሪያው ደግሞ ያ ረጅም የትውልድ ዝርዝር ነው። ሌላው የሚዘለውን እሳቸው አንድ ስም ሳያስቀሩ ያነቡታል። እናቴ ቆሎ እየቆረጠመች «እነዚህ ሰዎች ከመውለድ በቀር ሥራ አልነበራቸውም እንዴ?» ስትል፣ አባባ ቀና ሳይሉ «ባይወልዱ ጌታን ከየት እናገኘው ነበር?» ብለው ይቀጥላሉ። የዚያን ዓመት ሩት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና «ይቺ የሌላ አገር ልጅ ናት» አሉን። «ከሞዓብ ናት። አማቷን አልለይም ብላ ተከትላ መጥታ፣ በሰው ማሳ ቃርሚያ ስትለቅም ቆይታ፣ ከጌታ አያቶች አንዷ ለመሆን በቃች።»

ጆሮዬ ቆመ። የሌላ አገር ልጅ!

ያ ዝርዝር ለእኔ የእግዚአብሔር ቤት መዝገብ ነበር የመሰለኝ፣ አባባ በፊተኛው ገጽ ላይ እንደጻፉት ያለ። ታዲያ በአባባ ገጽ ላይ ቦታ ካጣሁ፣ እንግዳ በሚቀበለው ገጽ ለምን አልገባም? ሐሙስ ቀን የአባባን ቀለም ሰርቄ፣ ከሩት ስም ቀጥሎ፣ በኅዳጉ ላይ «ጫልቱ» ብዬ ጻፍኩ። «ጫ» እግሩ እንደተሰበረ በርጩማ ተንጋደደች፣ ቀለሙም ፈሰሰ። እስኪደርቅ እንኳ ሳልጠብቅ ከደንኩት፤ ቂሏ!

እሑድ አባባ ቀጣዩን ምዕራፍ ሊያነቡ ሲሉ ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል። በጥፍራቸው ቀስ ብለው አላቀቋቸውና አዩ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ቆሎው ከእጇ ፈሰሰ።

«ማን ነው ይሄን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ።»

«በእግዚአብሔር ቃል ላይ?»

«ፊት ባለው ገጽ ላይ እኔ የለሁማ!» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ሦስቱን ልጆችዎን ብቻ ነው የጻፉት። እባክዎ አባባ፣ ወደ መቂ አይመልሱኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባባ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ዱላ እየጠበቅሁ ነው።

«ሦስቱም ሞተዋል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። የጥቅምት ወባ ነው የወሰደብኝ። የመጀመሪያውን ጻፍኩት፣ ዓመት ሳይሞላው ቀበርኩት። ሁለተኛዋን ጻፍኳት፣ ቀበርኳት። ሦስተኛውንም እንዲሁ። እዚያ ገጽ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ በእጄ አፈር አልብሻለሁ። አንቺን እንዴት ብዬ ልጻፍሽ? ስንቴ ብዕሬን ነክሬ ተውኩት!»

አይ ልጅነት! ስላልወደዱኝ ነው ያልኩት ለካ እንዳያጡኝ ፈርተው ነበር። እቅፋቸው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ እናቴም እያለቀሰች ስንት ዓመት በሆዷ ይዛው የኖረችውን የሦስቱን ልጆቿን ስም አንድ በአንድ ጠራች።

ኋላ፣ ስንረጋጋ፣ «አሁን ይሄ ይፋቅ ይሆን?» አለች።

«ለምን ይፋቃል?» አሉ አባባ። «ከእኔ እሷ ትሻላለች፣ ቦታ መምረጥ ታውቃለች። እዚህ የተጻፉት ሁሉ ሞተዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ጌታ ግን ተነሥቷል። እሱ ባለበት ገጽ ትቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለሰረቅሽው ቀለም ግን ነገ አርባ ስግደት አለብሽ» አሉኝ። አርባውንም ሰገድኩ፤ እናቴ ቆጠረችብኝ።

ያን ጥቅምት ወባው እኔንም አልማረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንቀጠቀጥ አባባ ከሥራ እንደገቡ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ራስጌዬ ይቀመጡ ነበር፤ «እኔ አልጻፍኳትም፣ አንተ ነህ ያስገባሃት፣ እንግዲህ ጠብቃት» እያሉ ከእግዚአብሔር ጋር ሲሟገቱ ሰምቻቸዋለሁ። እንደሳቸው ያለ ደፋር ጸሎተኛ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ዳንኩ፤ ኅዳር ላይ ራሴው ውሃ ቀዳሁ።

በቀጣዩ መስከረም ዓይናቸው ደክሞ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ሩት ጋ ደርሼ፣ አፍሬ፣ የራሴን ስም ትቼ ሳልፍ፣ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደተቀመጡ «ዘለልሽ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የወንጌሉ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ግን እዚያ ነሽ። ተመለሺና አንብቢ።»

ተመልሼ አነበብኩት። እናቴ «እፎይ፣ አሁን ገና የማውቀው ሰው መጣ!» አለች። በየመስከረሙ እንዲሁ ነበር፤ አንድም ዓመት አሳልፈውኝ አያውቁም።

ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ ሞልቷል፤ የልጅ ልጆቼ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው፣ ንጹሕ፣ ጠብታ ቀለም ያልነካው። ቤተ ክርስቲያናችንም ድምፅ ማጉያ አላት፤ ወጣቱ ዲያቆን ያን ዝርዝር እንደ እኔ ሳይንተባተብ፣ ባማረ ድምፅ፣ ከአብርሃም እስከ ጌታ ያወርደዋል። እግዚአብሔር ያሳድገው፣ ጎበዝ ነው። ብቻ ሩት ጋ ደርሶ ወደሚቀጥለው ስም ሲሻገር፣ በሴቶቹ መካከል እንደቆምኩ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ «ዘለልክ» እለዋለሁ።