ደረጀ ያጣራው ወሬ

ባለፈው ሐሙስ ጎንደር ውስጥ ጸጉሬን ልሠራ ጸጉር ቤት ገብቼ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ደረጀን አየሁት። ከረባት አስሯል፤ ወፍሯል፤ ከስሙ ሥር «የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያ» የሚል ተጽፎለታል። ለወጣቶች ምክር እየሰጠ ነበር። «አንድን ወሬ ከማጋራታችን በፊት ማጣራት አለብን» አለ፣ ጣቱን ከፍ አድርጎ። ጸጉሬን የምትሠራው ልጅ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማ ሰማችው። «እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው!» አለች። እኔ ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም።

ደረጀን የማውቀው ካርቱም ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ካሉት ትላልቅ ቤቶች በአንዱ በሠራተኝነት እኖራለሁ። ዕረፍቴ ዓርብ ነው። ዓርብ ሲመጣ በሐፍላ፣ አውቶቡሱን እንደዚያ ነው የምንለው፣ ቡሪ ወደሚባለው ሰፈር እሄድና ከጓደኞቼ ጋር የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል እበላለሁ። ከዚያ አንዲት ያገራችን ልጅ ሻይ የምትሸጥበት የኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ደረጀ ከዚያ አይጠፋም። ሥራው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ፌስቡክ ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ነበረው። እኛም የተማረ ሰው አገኘን ብለን «ጋሽ ደረጀ፣ ይቀመጡ» እያልን ወንበር እንለቅለታለን። አሁን ሳስበው ያን ወንበር ለሻይ ሻጯ በለቀቅንላት ይሻል ነበር፤ እሷ ቢያንስ ቆማ ነበር የምትውለው።

አንድ ቀን ስለ አንዲት ዘፋኝ ጻፈ። ስሟን አልጠራም፤ በከንቱ የተጠራው ይበቃታል። በዚያ ዓመት ዘፈኗ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ደረጀ እንደሚለው ዘፋኟ ከመታወቋ በፊት ካርቱም የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የአሠሪዋን የወርቅ አምባር ሰርቃ ነው የጠፋችው። የቤቱን በር ፎቶ ሳይቀር ለጠፈ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። እኔስ? እኔም ተቀብዬ አጋራሁት። «ልባችንን ብቻ መስሎኝ፣ ለካ ወርቅም ትሰርቃለች» ብዬ ጨመርኩበት። ትልቅ ቀልድ የቀለድኩ መስሎኝ ነበር።

ሳቄ ሳምንት አልቆየም። ወሬውን አንዱ ወደ ዐረብኛ መልሶት ኖሮ ከአሠሪዬ፣ ከመዳሜ፣ ጆሮ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዬን ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት የቤቷን ቁልፍ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነጠላዬን አራገፈች፤ የቅባቴን ክዳን ከፍታ አየች፤ የውስጥ ልብሴን አንድ በአንድ አነሳች። ዘበኛው አፍሮ ፊቱን አዞረ። ስትጨርስ «ያላ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ደጅ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና ያን ፎቶ እንደገና አየሁት። አረንጓዴ የብረት በር ነው፤ በላዩ ቀይ አበባ ተጠምጥሞበታል። ዳቦ ልገዛ ስሄድ በየቀኑ የማልፈው በር! ያን ሁሉ ቀን ስስቅ ፎቶውን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁትም። እውነት ሰርቃ ከሆነ የምረግማትን በደንብ ልወቅ ብዬ ሄድኩ።

የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ የለበሱ አሮጊት ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሐጃ ኑር ይባላሉ። ስለ ዘፋኟ እየተንተባተብኩ ጠየቅኋቸው።

«አንቺም ስለ አምባሩ ነው?» አሉኝ። «ግቢ፣ ልጄ፤ ይህ ፀሐይ ይገድልሻል።»

ቀዝቃዛ ከርከዴ ሰጡኝ።

«ወላሂ አልሰረቀችም» አሉ። «ልጄን ስድር ሴቶቹ መሃል ቆማ ዘፈነች። አምባሩን ከእጄ አውልቄ ያጠለቅሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አብራኝ ኖራለች። ሌባ የሰረቀበት ቤት ዓመት ይቀመጣል?»

«ታዲያ ይህን ለምን ለሰው አልነገሩም?»

«ነግሬያለሁ እንጂ! አንድ ሐበሻ መጥቶ የምለውን ሁሉ በስልኩ ቀዳ። ያገሯ ልጅ ነው ብዬ ምሳ አበላሁት። ሲወጣ በሩን ፎቶ አነሳ።»

የደረጀን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«እሱ ነው» አሉ። «ደህና ነው?»

በቀጥታ ቡሪ ሄድኩ። ሐቡብ ተነስቶ ሰማዩ ቡናማ ሆኗል፤ አቧራው ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል። ደረጀ የሻይ ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ ተቀምጧል።

«ሐጃ ኑር ደህና ነው ወይ ብለውሃል» አልኩት። «አንተ» ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ቢደነግጥ ይሻለኝ ነበር። «ሄድሽ እንዴ?» አለ። «ጎበዝ።»

«እያወቅህ ነው የጻፍከው?»

«አሠሪዋ አምባር ሸለመቻት ብዬ ብጽፍ ማን ያነብልኛል? ደግሞ እሷ ታዋቂ ናት፤ ምን ትሆናለች?»

«እሷን ተዋት። ዛሬ ጠዋት የኔን ቦርሳ በርብረውታል።»

«ያንቺ ቦርሳ ዜና አይሆንም፣ እህቴ» አለና ሻዩን ፉት አለ።

የሐጃ ኑርን ቃል እንዳለ በራሴ ገጽ ጻፍኩት። ጥቂት ጓደኞቼ አነበቡት። አንድ የማላውቀው ሰው «ስንት ከፈለችሽ?» አለኝ። ደረጀ ደግሞ በማግስቱ «ዘፋኟ አስተባባይ ቀጠረች» ብሎ ጻፈ፤ እሱንም ሰው እየተሻማ ተቀባበለው። መዳሜን ከሐጃ ኑር አፍ እንድትሰማ ብለምናት «ምን አገባኝ?» አለችኝ፤ ፍተሻውም ቀጠለ። በወሩ ትቼላት ወጣሁና ቡሪ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ያዝኩ። ሐጃ ኑር ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ በኋላ የት እንደደረሱ አላውቅም። ወሬው ግን በሕይወት አለ፤ በየዓመቱ አዲስ ሰው አዲስ ነገር እንዳገኘ ሆኖ ይለጥፈዋል።

ይህን ሁሉ ለጸጉር ሠሪዋ ነገርኳት። ከንፈሯን እየመጠጠች ሰማችኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ለደረጀ ተጨበጨበለት። ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ግን እውነቱን ንገሪኝ» አለች፤ «ሰርቃለች አይደል?»

ደረጀን ያኔም ንቄዋለሁ፣ ዛሬም እንቀዋለሁ። የሚከነክነኝ ግን እሱ እኛን መናቁ ነው፤ ምክንያቱም አልተሳሳተም። የሐጃ ኑርን ምሳ በልቶ ሲወጣ ማናችንም ሄደን እንደማንጠይቅ ያውቅ ነበር። እኔም የሄድኩት ነገሩ በራሴ ሲመጣ ነው።

«አልሰረቀችም» አልኳት። በመስተዋቱ ውስጥ አየኋት፤ አላመነችኝም።